ሽምብራ ላይ ብር አፈሰስኩ!

ስሙኝማ! ቡና ጥዳችሁም ከሆነ አውርዱት፤ ይሄ ወሬ እስከ በረካ የሚቆይ አይደለም! ብር ማቅለጥ ይቻላል! ጓሮ ውስጥ! በከሰል! ቀልጦ ደግሞ ቀለበት ይሆናል፣ ጉትቻ ይሆናል፣ የአንገት መስቀል ይሆናል! እኔ ነኝ የሠራሁት! ሽንኩርት መክተፍ በለመደው በዚህ እጄ! ይሄን ስጽፍ እንኳ በየመሀሉ ብድግ እያልኩ ጠረጴዛው ላይ የደረደርኳቸውን አያለሁ። አነሳቸዋለሁ። ብርሃን ላይ አዞራቸዋለሁ። ጆሮዬ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ አወልቃለሁ፣ ደግሜ አያለሁ። ጎረቤቶቼ እኔን ከመስማት ብዛት ሰልችተዋል፤ ስለዚህ ተራው የእናንተ ነው!

ከሰበታ ልጀምር። ሰበታ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ፋብሪካ ነው፣ ሜታ ቢራ ነው፣ የጅማ መንገድ የጭነት መኪና ነው። እኔ ከእንግዲህ ሰበታ ሲባል ትዝ የምትለኝ አንዲት ጠባብ ቆርቆሮ ቤት ናት። በሯ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳዋ በጭስ የጠቆረ። ውስጧ መስፍ አለ፣ ጉጠት አለ፣ ዓይነቱ የማያልቅ ሞረድ አለ። ወናፍ አለ! እውነተኛ የቆዳ ወናፍ! ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ናቸው። ለማየት ብዬ ነበር የገባሁት። ቀና ብለው አዩኝና «ቆመሽ ምን ታያለሽ ልጄ? ቁጭ በይና ንፊው እንጂ!» አሉኝ። ወናፉን አስያዙኝ!

ነፋሁት! አቤት ደስታ! ከሰሉ ቀላ፣ ከዚያ ብርቱካናማ ሆነ፣ ከዚያ ዓይን የሚወጋ ነጭ። ማቅለጫው ውስጥ የገባው የማይረባ ቁርጥራጭ ነው፤ የተበጠሰ ሐብል፣ ጓደኛዋ የጠፋባት ጉትቻ፣ የተጣመመ ቀለበት። ጋሼ ቆንጠር አድርገው ቦራክስ ነሰነሱበት። ቦራክሱ አረፋ ሠራ፣ ተንጫጫ፣ ከዚያ ቀልጦ ላዩን እንደ ብርጭቆ ሸፈነው። ጉትቻዋ መጀመሪያ ጠቆረች። ቀጥላ ቀላች። ጠርዟ ላላ። ሐብሉ ሙሽሽ ብሎ ተኛ። እኔ እነፋለሁ! ላቤ ጠብ ጠብ ይላል፣ እነፋለሁ! እናም በአንድ ቅጽበት ያ ሁሉ ኮተት እርስ በርሱ ተሳስቦ አንድ ድቡልቡል ነገር ሆነ! የሚንቀጠቀጥ! የሚሽከረከር! ጣሪያውን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ መስታወት! ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ይሄ ሁሉ ሙቀት ከእኔ ክንድና ከአንድ ቁና ከሰል ወጣ! ጮህኩ። በእውነት ጮህኩ። ጋሼ እየሳቁ በኦሮምኛ «ባዬ ጋሪዳ!» አሉ፤ በጣም ጥሩ ነው ማለታቸው ነው።

በቃ፣ ያን ቀን ተለከፍኩ።

ከዚያ ሰሙ! ኧረ ሰሙ! ስለ ሰምና ወርቅ ቅኔ ልታጫውቱኝ የምትፈልጉ ለዛሬ ይቅር በሉኝ፤ የማወራው ጣት ላይ ስለሚለሰልሰው፣ ማር ማር ስለሚሸተው ሰም ነው! እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። እዚያ ጠጅ የሚጥሉ አንዲት እናት አሉ። ሰፈፉን ሊጥሉት ሲሉ ደረስኩ። «እትዬ፣ በሞቴ ለእኔ ይስጡኝ!» «ምን ሊያደርግልሽ ነው የኔ ልጅ? ጧፍ ልትሠሪ ነው?» «ቀለበት ልሠራበት ነው!» ግራ ተጋብተው አዩኝና በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። በሙቅ ውኃ አቀለጥኩት፣ በአሮጌ ነጠላ አጠለልኩት፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ረግቶ ጠበቀኝ። ቢጫ! ጥርት ያለ ቢጫ! የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ አንድ ብርጭቆ የሚያቃጥል ሻይ ይበቃዋል ማለት እኮ ነው!

ደግሞ የሱሉልታ ብርድ! ስንት ዘመን የተራገምነው የእንጦጦ ጀርባ ብርድ! ለካ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው! ጠዋት ጠዋት ሰሙ ጥንክር ይላል፤ በመርፌ ስትቀርጹት ጸጉር የምታህል መስመር ሳትፈርስ ትይዛለች። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትወጣ በመዳፋችሁ መሀል ይለሰልሳል፤ እንደ ልባችሁ ታጣምሙታላችሁ፣ ትጎነጉኑታላችሁ። ጠዋት መቅረጽ፣ ቀትር ማጣመም! ከዚህ የተሻለ የሥራ ሰዓት ካለ ንገሩኝ!

ልቤን የነጠቀኝ ግን ምን መሰላችሁ? አሻራ! ሰሙን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ጠፍጣፋ የቀለበት ፊት አወጣሁ። ብሩ ሲፈስ ያቺ የጣቴ አሻራ መስመር በመስመር ወጣች! ክቧ፣ ጠመዝማዛዋ፣ ልጅ ሆኜ ቢላ የቆረጠኝ ጠባሳ ሳይቀር! ብር ላይ! የእኔ አውራ ጣት! ለእናቴ አንድ ሠራሁላት፤ እሷም በተራዋ ሰሙ ላይ ጣቷን ጫነችበት፣ አሁን የእሷን አሻራ እኔ አድርጌዋለሁ። እናንተዬ፣ ይሄን የትኛው ወርቅ ቤት ይሸጥላችኋል?

ሂሳቡ ራሱ ያስደስታል። ብር ከሰም 11 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ የሰም ቀለበታችሁን ትመዝኑና በ11 ታባዛላችሁ፤ አለቀ! ግማሽ ግራም የምትመዝን የሰም ቀለበት 5 ግራም ተኩል ብር ትጠይቃለች፤ ለመፍሰሻው ጨመር ማድረግ ነው። ናስ ከሆነ በ9። ሒሳብ የሚያስጠላኝ ሰው ነኝ፣ አሁን ግን ያገኘሁትን ሁሉ ስመዝን እውላለሁ!

አሠራሩን ስሙ። የሰም ቀለበቷ ላይ ብሩ የሚገባባት ቀጭን የሰም ዘንግ ትለጥፋላችሁ። የላመ ሸክላ ጭቃ ከከሰል ዱቄት ጋር ታሻላችሁ፤ እኔ አፈሩን ያገኘሁት ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ነው፣ ሐር የሆነ አፈር! የመጀመሪያውን በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ትቀባላችሁ፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ትደግማላችሁ፣ ከዚያ ወፈር ባለው ጭቃ ትጠቀልላላችሁ። አሁን እሳት! አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ ስትጠብሱት ሰሙ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ይወጣል። ሽታው! ጓሮው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይሸታል! ሰሙ አልቆ ሲወጣ ጭቃው ውስጥ የቀረው ባዶ ቀለበት ነው፤ ከአየር የተሠራ ቀለበት! ጭቃው ገና እንደጋለ ብሩን ታፈሱበታላችሁ። ሽው! አንድ ትንፋሽ የማይሞላ ጊዜ ነው። ከዚያ ውኃ ውስጥ፣ ጭሽሽሽ! ጭቃው ይሰነጠቃል፣ በመዶሻ ኳ ኳ ታደርጉታላችሁ። ይቺ ኳ ኳ! እንቁላል ሲፈለፈል ቁጭ ብሎ እንደሚያይ ሕፃን ነው የሚያደርገኝ! የጠቆረ ነገር ይወጣል፤ በአሸዋና በሎሚ ስታሹት ደግሞ ከሥሩ ነጭ ብር ብልጭ!

ሻጋታው ስለሚሰበር ደግሞ ሁለተኛ አይወጣበትም። ያቺ ቀለበት አንድ ናት። ለዓለም አንድ!

የቀደሙት የኢትዮጵያ መስቀል ሠሪዎች እነዚያን ትልልቅ የነሐስ መጾር መስቀሎች ያፈሰሱት በዚሁ መንገድ ነው፤ በሰም ቀርጸው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን አቅልጠው አውጥተው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ቀድሞ ቤተ መንግሥት የነበረው ሕንፃ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሄዳችሁ የመስቀሎቹን ስብስብ እዩ! እኔ በፊት «ያምራል» ብዬ አልፍ ነበር። አሁን አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ነው የማየው! ነሐሱ የት ገባ? የትኛው ጫፍ ነው መጀመሪያ የሞላው? ሞረድ የት ነካው? ጥበቃው ተጠራጥሮኝ ሦስት ሜትር ርቆ ይከተለኛል፤ ይከተለኝ!

ጠገራ ብሩስ! የማርያ ቴሬዛዋ ጠገራ፣ 1780 የተጻፈባት! 28 ግራም ትመዝናለች፣ ከመቶ 83 የሚሆነው ብር ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። አያቶቻችን መስቀል ወይም አልቦ ሲያሠሩ ጠገራቸውን ይዘው ወደ አንጥረኛ ይሄዱ ነበር፤ እሱም ያችኑ አቅልጦ ጌጥ ያደርግላቸዋል። ገንዘባቸውን አንገታቸው ላይ አስረው ሲሄዱ አስቡት! ውስጧ ያለው መዳብ ደግሞ የማቅለጫውን ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል፤ ጠገራ ከንጹሕ ብር ቀድማ ትቀልጣለች ማለት ነው። ብልህ ገንዘብ! እኔ ግን አንዲት ጠገራ አለችኝ፣ እሷን አላቀልጥም፤ ፊቷ በጣም ያምራል!

እሺ፣ አሁን ወደ ቡራዩ! ትንፋሽ ሰብስቡ፤ ሽምብራው እዚህ ነው ያለው!

ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ግድብ ወዲህ፣ አንዲት የዘመድ ልጅ አለችኝ፤ እንደ እኔው ያበደች። ሰም የለም፣ ሻጋታ የለም፣ ምንም የለም! ገበያ ወጥተን ሽምብራ ገዛን። ሌሊቱን በውኃ ነከርነው፤ አበጠ። ጣሳ ውስጥ ሞላነው፣ ውኃውን አንጠፈጠፍነው። መነጽር ደቀንን፣ የቆዳ ጓንት አጠለቅን፣ ጥጥ ቀሚሳችንን ለበስን፤ ሁለት የጨረቃ ተጓዦች! የቀለጠውን ብር ላዩ ላይ አፈሰስነው። ቸሰሰሰሰ! እንፋሎቱ ቡልቅ አለ፣ የቆሎ ሽታ ግቢውን ሞላው። ጎረቤት ከአጥሩ በላይ «ቆሎ ነው እንዴ የምትቆሉት?» ብላ ጠየቀች። ብር ነው የምንቆላው እናትዬ!

ሽምብራውን አራግፈን ውስጡን ስናይ... ወይኔ! ወይኔ! ብሩ በሽምብራዎቹ መሀል ሾልኮ፣ በየክፍተቱ ገብቶ፣ የማይታመን ቅርጽ ሠርቷል! አንዷን ቀርቤ አየሁ። የሽምብራዋ ጉድጓድ ቁልጭ ብሎ ተቀርጿል፤ ያቺ ሹል አፍንጫዋ ሳትቀር፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ስርጉዷ ሳይቀር፣ ውኃ ሲነካ የተጨማደደው ልጣጯ ሳይቀር! ከጎኗ ደግሞ ብሩ ለስልሶ፣ ተጠቅልሎ ቀዝቅዟል። ጥፍር የምታህል ቦታ ላይ ሻካራና ለስላሳ! ቀዳዳ እንኳ መብሳት አላስፈለገኝም፤ ሽምብራዋ ራሷ በስታዋለች። ክር አስገብቼ አንገቴ ላይ። አለቀ!

ከዚያ መጥረጊያው! አዎ፣ የግቢ ሣር መጥረጊያ! ግጥም አድርጋችሁ ታስሩታላችሁ፣ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ጣሳ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ታቆሙታላችሁ፣ ከላይ ብሩን ታፈሱበታላችሁ። ብሩ በሣሩ መሀል እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ እየወረደ ይቀዘቅዛል፣ መጥረጊያውን ስትፈቱት ረጃጅም የብር ጠብታዎች ቁልቁል ቁልቁል ይወጣሉ! አንዱ ሁለት ቅርንጫፍ አለው፣ አንዱ ሦስት፣ አንዱ ጫፉ ላይ ኳስ ይዟል። ጉትቻ! ጉትቻ! ጉትቻ! አንዱን የጆሮ ኩክ ማውጫ አደረግኩት፤ እነዚያ የድሮ እናቶች ከመስቀላቸው ጎን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏትን አይነት። ለሠርግ ሄጄ አንድ ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለኝ ሳላፍር ጆሮዬን አሳየሁት!

ሽምብራውና መጥረጊያው ግን ከጨው አይበልጡም። አይበልጡም አልኩ!

ሱሉልታ የወተት ላም አገር አይደለች? ከጎረቤቴ በረት አሞሌ አመጣሁ። ያ ከአፋር ሜዳ በመጥረቢያ ተቆርጦ በግመል ሲጫን የኖረው አሞሌ! ድሮ ገንዘብ የነበረው! ሰባበርኩት፣ እሳት ዳር አስቀምጬ ጠብታ እርጥበት እስከማይቀረው አደረቅኩት፣ ትንሽ የብረት ጣሳ ውስጥ መሀሉ ላይ ክብ ጎድጓዳ ሠራሁለት። ብሩን አፈሰስኩ። ተንጣጣ! ቀዘቀዘ። ሁሉንም ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ከተትኩት፤ ጨው ይሟሟል፣ ብር አይሟሟ! ውኃው እየደፈረሰ፣ ጨው እየቀለለ፣ ብሩ ቀስ በቀስ ሲገለጥ ከሳህኑ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። በእያንዳንዱ የጨው ፍንካች ቦታ ጥግ ጥግ ያለው ጉድጓድ ቀርቷል! ማዕዘን በማዕዘን፣ ደረጃ በደረጃ! ሰው በመርፌ ዓመት ሙሉ ቢቀርጸው አይወጣም። የጠገራ ዘመዱ ብርና አሞሌው፣ ሁለቱ የጥንት ገንዘቦች፣ አንድ ቀለበት ላይ ተገናኝተው ጣቴ ላይ ተቀምጠዋል! ባንክ ቤት ስሄድ ሆን ብዬ ነው እሷን የማደርጋት።

ብር ውድ ነው የምትለኝ አለች፣ ሰማሁሽ! ናስስ? መርካቶ ምናለሽ ተራ ግቢ! የተሰበረ የቧንቧ መዝጊያ፣ የበር እጀታ፣ የቆየ ቁልፍ፣ በኪሎ! ናስ ሲቀልጥ ነጭ ጭስ ይተፋልና ደጅ፣ ነፋስ ከጀርባ አድርጌ ነው የምሠራው፤ የሱሉልታ ነፋስ ደግሞ መቼ ይጠፋል! ወናፍ የለኝም፤ የፀጉር ማድረቂያዬን የብረት ቱቦ ቀጥዬበት ከሰሉ ሥር ሰካሁት። ይነፋል! ያስጮኸዋል! ፀጉሬን ከዚያ ወዲህ በፀሐይ ነው የማደርቀው፤ ማድረቂያው ከፍ ወዳለ ማዕረግ አድጓል! ከእኛ ጋራ ማዶ ደግሞ የእንጦጦ ሴቶች አሉ። ከተተኮሰ የጥይት ቀለህ ቀልጦ የወጣ የናስ ዶቃ በክር እየሰኩ የአንገትና የእጅ ጌጥ ይሠራሉ፤ ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። የቀለህ ናስ 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ ነው፤ ቀለሙ ሞቅ ያለ ወርቃማ! ከጦርነት የወጣ ብረት ደረት ላይ ሲያበራ አያችሁልኝ?

ቆይ፣ ቆይ፣ ባሕር ዛፉን አልነገርኳችሁም! የጋና አሻንቲዎች ጥንዚዛና የለውዝ ፍሬ በጭቃ ሸፍነው፣ እሳት ውስጥ አመድ አድርገው፣ ባዶው ላይ ወርቅና ናስ ያፈሱበት እንደነበር ሰማሁ። ሰም ሳይቀርጹ! ራሷን ጥንዚዛዋን! እኔስ? ሱሉልታ ምን ሞልቶኛል? በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ! እግሬ ሥር የምትንከባለለውን ደረቅ ፍሬ አነሳሁ። አይታችኋት ታውቃላችሁ? ቀርባችሁ? ጀርባዋ አራት ማዕዘን ነው፣ ላይዋ ኪንታሮት ኪንታሮት አለባት፣ ፊቷ ላይ ደግሞ ስትከፈት መስቀል የምትሠራ ስንጥቅ አለች! የተፈጥሮ መስቀል! የሰም ዘንግ ለጠፍኩላት፣ በጭቃ ጠቀለልኳት፣ ረጅም ሰዓት እሳት ውስጥ አከረምኳት። አመዷን በቀዳዳው እፍ ብዬ አወጣሁ፤ ናስ አፈሰስኩ። ጭቃውን ስሰብረው መስቀሏ ከነስንጥቋ፣ ኪንታሮቷ ከነቁጥሩ! ሠላሳ ዓመት የረገጥኩት ፍሬ! አሁን ለምን እንደማልተኛ ገባችሁ?

እና ተነሡ! እዚህ አካባቢ ያላችሁ ሁሉ፤ 2015 ላይ ሸገር ከተማ ብለው ያጠቃለሉን ሱሉልታዎች፣ ቡራዩዎች፣ ሰበታዎች፣ ከአዲስ አበባም በታክሲ የምትደርሱ! ደምቢ ዶሎ ዘመድ ያላችሁማ ምን ቀራችሁ፤ የወርቅ ሠሪዎች አገር ናት! ከሰፈራችሁ ጠይቁ፣ አንድ አንጥረኛ አይጠፋም። ጠዋት ሂዱ፣ ስኳርና ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ «አባቴ፣ ወናፉን ልንፋልዎት?» በሉ። ማን እምቢ ይላል? መሳቢያ ከፍታችሁ ጓደኛዋ የጠፋባትን ጉትቻ ፈልጉ! የተበጠሰውን ሐብል! ሽምብራ ንከሩ! ዛሬ ማታ!

እኔ ላወራችሁ ብዬ ነው እንጂ እጄ ሥራ ላይ ነው። አሁን ተረኛው ገብስ ነው። ጢሙ ያልረገፈ አንድ ዛላ ከማሳ ዳር ለምኜ አምጥቻለሁ፤ ትናንት ጭቃው ተቀብቶ ጥላ ላይ ደርቋል። ያ ሁሉ ጢም! እያንዳንዷ ፀጉር! ናስ እስከ ጫፏ ይደርስ ይሆን? የዘመዴ ልጅ አይደርስም ብላ በአንድ ኪሎ ክትፎ ተወራርዳለች። ከሰሉን ለኩሼዋለሁ፣ ማድረቂያው እየጮኸ ነው፣ ሂዱልኝ በቃ!